የኦቦ መርጋ ቁልቋልና የሲንቄ ሆራ

ኦቦ መርጋ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ዓይናቸውን በራሳቸው መንገድ ይለኩ ነበር። በበረንዳው መከታ ላይ የተቀመጠችውን ባለ ጣሳ ቁልቋል ትክ ብለው እያዩ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። አንዱ እሾህ ከሌላው አልለይ ሲላቸው ይቆማሉ። ከዚያ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወደ ጣሳዋ ይመለሳሉ። በ2009 ዓ.ም. አሥራ አንድ እርምጃ ነበር፤ በ2010 ስምንት። የ2011ዱን ሲለኩ እኔ አጥራችን ላይ ተደግፌ አያቸው ነበር።

«ስንት ሆነ?» አልኳቸው።

«አምስት» አሉ። «እንደ ሁሉቃ ወንዝ በበጋ ነው መምህር፣ እየሳሳ ነው። ልዩነቱ ሁሉቃ ክረምት ይመጣለታል።»

የዓይን ግፊት ነው ተብለዋል። የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ለጥቂት ዓመት ማቆየት እንደሚቻል ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል። ይህን ሰምተው ሲመለሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለእኔም ለባለቤታቸው ለአዴ ሲንቄም አንድ ነገር ተናገሩ። ዓይናቸው ሳይዘጋ ያቺ ቁልቋል አፍርታ ፍሬዋን ማየት ይፈልጋሉ። መብላቱ ግድ አልነበራቸውም። ማየት ነው።

ምኞታቸው ትንሽ ይመስላል፤ የሠሩትን ሥራ ለማያውቅ ሰው።

ኦቦ መርጋ የእንጭኒ ገበሬ ልጅ ናቸው። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ አምቦ በመንግሥት ወረቀት ላይ ገና ሀገረ ሕይወት ተብላ በምትጻፍበት ዘመን፣ ኋላ እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህሩ ሰው ቢያጡ የመስታወት ዕቃውን እንዲያጥቡላቸው ለመኗቸው። ሲመለሱ አንድም ሳይሰበር፣ ደርቆ፣ በቁመት በቁመቱ ተደርድሮ አገኙት። «ይህን ሰው ከበር ላይ አንሱልኝ» አሉ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሁለት ዓመት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆነው ኖሩ።

ሙከራውን የሚያሰናዱት እሳቸው ናቸው፤ ተማሪው የሚያመሰግነው መምህሩን ነው። እንቁራሪቱን ከወንዝ ዳር ያመጣሉ፤ በማግስቱ ተሰንጥቆ ይጣላል። ባቄላውን በእርጥብ ጥጥ ላይ ያበቅላሉ፤ ቅጠል ባወጣ በሳምንቱ ሥሩ እንዲታይ ይነቀላል። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ባቄላ ዘራሁ መምህር፣ አንዲት እሸት አላየሁም» ብለውኛል አንድ ጊዜ። ሲናገሩት ቅሬታ አልነበረበትም። ልክ የሙቀት መጠን እንደሚያነቡ ነበር የተናገሩት። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩበት። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የነገር መጀመሪያ ላይ ብቻ ቆሞ ሊያልፍ ይችላል። አብዛኞቻችንም እንደዚያው ነን፤ ልዩነቱ እሳቸው ማወቃቸው ነው።

ቁልቋሏ የመጣችው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው። በ2007 ዓ.ም. አንዲት የዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት መምህርት ለተማሪዎቻችን ልታሳይ አውራ ጣት የምታህል እሾሃም ድቡልቡል ነገር ይዛ መጣች። ስትሄድ ለኦቦ መርጋ ተወችላቸው። «ይቺ የእኛ አገር ቁልቋል አይደለችም» አለቻቸው። «ወተት የላትም፣ አትረዝምም። እንደ ሙዝ በሥሯ ዙሪያ ልጆች ታወጣና ትሰበሰባለች። ከተመቻት ሚጥሚጣ የምታህል ቀይ ፍሬ ትሰጣለች፤ ፍሬዋ ይበላል።» ከተመቻት የሚለው ቃል ስንት ዓመት እንደሚይዝ አልነገረቻቸውም።

አዴ ሲንቄ ጣሳዋን በረንዳቸው ላይ ሲያዩ በራቸው ላይ ቆመው አላስገባም አሉ።

«ቁልቋል አጥር ነው! ምን ብሎ ነው ቤት የሚገባው? ወተቱ አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ብትገባ ያጠፋል፤ ያንተ ዓይን እንደሆን ድሮም ደካማ ነው።»

ኦቦ መርጋ መርፌ አምጥተው ቁልቋሏን ወጓትና ሚስታቸው ፊት አቀረቧት። የወጣው እንደ ውኃ የጠራ ነበር።

«እይ፤ ወተት የላትም።»

«ላሟም ወተት የላት፣ ቁልቋሏም ወተት የላት» አሉ ሲንቄ። «የመርጋ ቤት እንዲህ ነው።» ግን ከበሩ ዞር አሉ።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ቁልቋሏ ከሥሯ በሰበሰች። እንደ ጌሾ ችግኝ በየቀኑ ሲያጠጧት ነበር። ያልበሰበሰችውን አንዲት ልጅ ቆርጠው፣ የሁሉቃን አሸዋ ከከሰል ስብርባሪ ጋር ቀላቅለው፣ ጣሳውን በምስማር በስተው እንደገና ተከሏት። በሁለተኛው ዓመት የጎረቤት ዶሮ አናቷን ጠቀጠቀቻት። በሦስተኛው ጥላ በዛባትና ሳታብብ አለፈች። በአራተኛው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት መጠማት እንዳለባት ደረሱበት፤ በብርድና በጥም ካልተጎዳች አበባ አታስብም። ያን ጊዜ ከልጆቿ ጋር ራሶቿ ስድስት ሆነው ጣሳውን ሞልተውት ነበር።

«ቀስ በቀስ ነው ሲንቄ» ይሏቸው ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላሉ በእግሩ ሄደ፣ ዶሮ ሆነ፣ ታረደ፣ ተበላ። ያንተ እሾህ ግን እዚያው ናት።»

እንዲህ እያሉ ደግሞ ወፍ እንዳይነካት የድሮ ወንፊታቸውን ይደፉባት ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ኦቦ መርጋ ወንፊቱን ነፋስ ያመጣው ይመስላቸው ነበር።

በ2012 የካቲት ላይ አበበች። ክሬም መልክ ያላቸው ጥቃቅን አበቦች በየራሷ ዙሪያ እንደ አክሊል ወጡ። ኦቦ መርጋ ጠሩኝና አጎንብሰን አየናቸው። የሳቸው ርቀት ያኔ ሦስት እርምጃ ደርሶ ነበር፤ አበባዋንም በአፍንጫቸው ሊነኩ እስኪቃረቡ ቀርበው ነው ያዩት። «አበባው ሲረግፍ ፍሬው ከውስጥ ይቀመጣል፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይገፋል» አሉኝ። «ሰኔ ላይ አየው ይሆናል።» 

የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሯቸው መጋቢት መጀመሪያ አዲስ አበባ ነበር። ሴት ልጃቸው ጃለኔ እዚያ ስለምትኖር እሷ ጋ ያርፋሉ፤ በሁለት ሳምንት ይመለሳሉ። ሊሄዱ ሲሉ ለሲንቄ አንድ ሲኒ አሳዩዋቸው። «በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ይህን ያህል። ከዚህ አይበልጥም።»

ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ግን በዚያው ሳምንት ያ በሽታ አገር ውስጥ ገባ ተባለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መናኸሪያው ጭር አለ፣ ከክልል ክልል መጓዝ ተከለከለ። ኦቦ መርጋ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ጃለኔ ቤት ሦስት ወር ቀሩ።

በሚያዝያ የሰፈራችን ቧንቧ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጠፈ። አዴ ሲንቄ አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ኦቦ ጥሩሰው፣ ማሎ፣ እባክዎ ይቺን ነገር ይዩልኝ። እየተጨማደደች ነው። ሰውዬው ሳይመጣ እንዳትሞትብኝ።»

አየኋት። እውነትም አካሏ ሰብሰብ ብሎ ነበር። የተጠማ ቁልቋል እንደዚያ እንደሚሆን፣ ጉዳት እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። ያኔ አላወቅሁም።

«ሆራ ላጠጣት ነው» አሉ።

ሆራ ለማያውቅ ሰው፦ ከከተማችን ወጣ ብሎ ከመሬት እየተንፈቀፈቀ የሚወጣ ጨዋማ ውኃ ነው። ገበሬው በየጊዜው ከብቱን ይነዳበታል። ሆራ የጠጣች ላም ጠጉሯ ያበራል፣ ወስፋቷ ይራገፋል፣ ወተቷ ይበዛል ይባላል። ሰውም ለጨጓራው ይጠጣዋል፣ ለቁስሉ ይታጠብበታል። አዴ ሲንቄ ከብት ሆራ ሲያጠጡ ያደጉ ሴት ናቸው። በእሳቸው ዓለም ለደከመ ነገር ሆራ ይሰጠዋል፤ ከዚህ በላይ ደግነት የለም።

እኔ ፍልስፍና ተምሬያለሁ። ዕውቀት ከጥያቄ ይጀምራል እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ አስጨንቄያለሁ። ያን ጠዋት አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። እንዲያውም ሴትየዋ ያን ሁሉ ዓመት ያሾፉበትን ነገር ለማዳን መነሣታቸው ልቤን ነካው፤ ባጃጅ ጠርቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ከሆራው እስከ መንገዱ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ሲንቄ በየሁለት ሳምንቱ አላሉም። ሆራ ነውና በየሦስት ቀኑ አጠጧት። ኦቦ መርጋ በስልክ ሲጠይቁ እሰማ ነበር፤ ሲንቄ ስልኩን ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት።

«አበባው ረገፈ?»

«ረገፈ።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። ፍሬው ከውስጥ ነው። ውኃ እንዳታበዢ።»

«የምትጠጣው ጥሩ ውኃ ነው፣ አንተ ዓይንህን ጠብቅ።»

ሰኔ ላይ መንገዱ ሲከፈት ጃለኔ ሚኒባስ ላይ አሳፍራ ላከቻቸው። አንደኛው ዓይናቸው ጨርሶ ሄዷል፤ ሌላኛው እንደ ሸምበቆ ቀዳዳ ጠቦ ቀርቷል። ሲንቄን እንኳ በወጉ ሳይስሙ በግድግዳው እየተደገፉ ወደ በረንዳው ሄዱ። እኛ ሁለታችን ከኋላቸው ቆመናል።

አጎነበሱ። ቁልቋሏ እንደ አሮጌ ሎሚ ቢጫ ሆናለች፤ አሸዋው ላይ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። ፍሬ የሚባል ነገር የለም። ነጩን በጥፍራቸው ፈቀፈቁና ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

«ሲንቄ፣ ሎሚ አለ?»

ሲንቄ ሻይ ያማራቸው መስሏቸው ሮጠው አመጡ። ኦቦ መርጋ ሎሚውን ነጩ ቅርፊት ላይ ጨመቁት። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ጣሳው አስጠጉ፤ አረፋውን ማየት ስለማይችሉ ሊሰሙት ነው። ፍሽሽ አለ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ለተማሪ ያሰናዱት ሙከራ ነው፤ እንደ ሆራ ያለ ጨው ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ይፈላል።

«ማን ነው ሆራ ያጠጣት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሲንቄ ፈጥነው። ገና ምስጋና የሚጠብቅ ድምፅ ነበር። «ከኦቦ ጥሩሰው ጋር እዚያ ድረስ ሄደን ነው ያመጣነው። ለምን? ምን ሆነ?»

ኦቦ መርጋ ቀና አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ያ የቀረው ዓይናቸው እስኪያገኘኝ ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ገብተው ተኙ።

ሦስት ቀን አልተናገሩም። ሲንቄ ምግብ ያቀርባሉ፣ ይበላሉ፤ ውኃ ያቀርባሉ፣ ይጠጣሉ፤ ቃል የለም። በሁለተኛው ቀን ሲንቄ አጥሩ ጋ መጡና፣ «ሥሯን ጨው በላው አይደል?» አሉኝ። «እኔ እንጃ» አልኩ። «እርስዎ እንኳ እንጃ ካሉ ምን ይደረጋል» ብለው ተመለሱ። ከዚያ በላይ ስድብ በሕይወቴ አልተሰደብኩም፤ እሳቸው ግን ስድብ አስበውም አልነበረም።

በእነዚያ ቀናት ያሰብኩትን ባጭሩ ልናገር። ክፉ ሰው ቢያጠፋባቸው ቢያንስ የሚቆጡበት ያገኙ ነበር። የወደደ ሰው ሲያጠፋ ግን ቁጣው መግቢያ ያጣል፤ ቤት ውስጥ ይዞራል፣ አልጋ ላይ አብሮ ይተኛል፣ ማንንም ሳይነካ ሁሉን ያደክማል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ሲንቄ፣ ምላጭ አምጪ።»

ሲንቄ ደንግጠው እኔን ጠሩኝ። ስደርስ ኦቦ መርጋ ቁልቋሏን በጨርቅ ይዘው ከጣሳው ነቅለዋታል። ሥሯ ቡናማ ውኃ ሆኗል። ስድስቱን ራሶች አንድ በአንድ በጣታቸው እየጫኑ ፈተሹ። አምስቱ ለስላሳ ነበሩ። ስድስተኛዋ፣ ከሁሉም ታናሿ፣ ጠንካራ ናት። በምላጩ ለዩአት።

«ትደርሳለች?» አልኳቸው።

«ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት። እሷ ትደርሳለች» አሉ። እሳቸው እንደማይደርሱ መናገር አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው ድምፅ አዞሩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ወጥ ላይም እንዲሁ ጨው ታበዢያለሽ።»

ሲንቄ ሳቅ ጀመራቸው፤ ከሳቁ መሀል ለቅሶው መጣ። ኦቦ መርጋ እስኪጨርሱ ጠበቁና ታናሿን ቁልቋል በጨርቁ እንዳለች እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው። «ከእንግዲህ አንቺ ነሽ። ቁስሏ እስኪደርቅ ሳምንት ውኃ አታሳዪያት። የዝናብ ውኃ ብቻ ነው የምትጠጣው። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ታያለሽ።»

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ክረምቱን ሲንቄ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን በባልዲ ያጠራቅማሉ፤ የጥሟ ወራት ሲያልፍ በሲኒ ይለካሉ። ኦቦ መርጋ በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠይቃሉ፤ ሲንቄ ይመልሳሉ።

«ምን ዓይነት አረንጓዴ ናት?»

«አረንጓዴ ናት በቃ።»

«እንደ ጎመን ነው ወይስ እንደ ባሕር ዛፍ?»

«ባሕር ዛፍ። ኤሬ፣ ፈተና ነው እንዴ?»

በ2014 መስከረም መለካቱን ተዉት። «ግድግዳውና እኔ አንድ ቦታ ላይ ነን» አሉኝ። በዓመቱ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ይለዩ ነበር፤ ከዚያም እሱ ቀረ። ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ» ይሉኛል። የደከመ ሰው ደህና ነኝ ሲል ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ ማለቱ እንደሆነ ስለማውቅ አልጠይቅም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲንቄ በክንዳቸው ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ መዝሙሩን ስለሚያውቁት መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። የቀረውን ቀን ይቀመጣሉ። አንዳንዴ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ሁለት ሽማግሌ ፀሐይ እየሞቀ ከሰዓቱን ያሳልፋል።

ቁልቋሏ ያለ ወቅቷ በ2015 መጨረሻ አበበች። ጥር 2016 ላይ አንድ ረፋድ አዴ ሲንቄ በአጥሩ በኩል በጣታቸው ጠሩኝና፣ ድምፅ እንዳላሰማ ምልክት ሰጡኝ። ገባሁ። ኦቦ መርጋ ወንበራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያንቀላፉ መሰሉኝ። ሲንቄ ወንፊቱን አነሡት። በእሾኹ መሀል ሦስት ቀጫጭን ቀይ ፍሬዎች ቆመዋል።

«እሑድ ጃለኔ ስትመጣ ልነግረው ነው» አሉ በሹክሹክታ። «እስከዚያ እንዳይነግሩብኝ።»

«አራት ነበሩ» አሉ ኦቦ መርጋ ከወንበራቸው። ዓይናቸው እንደተከደነ ነው። «አራተኛዋ የት ሄደች?»

ሲንቄ ወንፊቱን ጣሉት። «አንተ! መቼ ቆጠርካቸው?»

«በየጠዋቱ በጣቴ እዳስሳታለሁ። ከገና ጀምሮ አውቃለሁ። አራተኛዋን ወፍ ወሰዳት?»

ሲንቄ እኔን አዩ፣ መሬቱን አዩ።

«እኔ በላኋት።»

«አንቺ?»

«መርዝ እንደሆነስ? ቁልቋል አይደለች? አንተ ከመብላትህ በፊት እኔን ይግደለኝ ብዬ ማክሰኞ በላኋት።»

ኦቦ መርጋ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «እና?»

«እና ይኸው ቆሜአለሁ።»

«ጣዕሟን ነው የጠየቅሁሽ።»

ሲንቄ በቁም ነገር አሰቡበት። «ትንሽ ትኮመጥጣለች። ሌላ ነገር የላትም።»

ኦቦ መርጋ ሳቁ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቼአቸው አላውቅም፤ ትከሻቸው እየተነቃነቀ፣ ያ የማያይ ዓይናቸው ውኃ እያፈሰሰ። «ዘጠኝ ዓመት» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት፣ ትንሽ ትኮመጥጣለች።» ከዚያ ሳቁ አለቀ። እጃቸውን ዘረጉና ሲንቄ አንዷን ፍሬ ቀጥፈው መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው። ወደ አፋቸው አልወሰዷትም።

«መምህር፣ ምን ዓይነት ቀይ ናት?»

ያን ሁሉ ዓመት በቃላት የኖርኩ ሰው ነኝ። ደም አልልም፣ ጽጌረዳ አልልም፤ ሁሉም ከመጽሐፍ የመጣ ሆነብኝ።

ሲንቄ ናቸው የመለሱት። «የባኮ በርበሬ ታውቅ የለ? ከማሳው እንደተለቀመ፣ ገና እርጥቡ፣ ፀሐይ ላይ ሳይሰጣ። እሱን ትመስላለች።»

ኦቦ መርጋ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ጊዜ ወሰዱ። ፊታቸውን ሳይ፣ በርበሬው የተከመረበት አንድ ገበያ ውስጥ የቆሙ መሰለኝ። ከዚያ ፍሬዋን አፋቸው ውስጥ አደረጉና ብዙ አኘኳት፤ ለዚያች ትንሽ ነገር ከሚገባው በላይ።

«እውነት ነው» አሉ። «ትንሽ ትኮመጥጣለች።» ወንበሩን ተደገፉ። «እንግዲህ እኔ ጨርሻለሁ ሲንቄ። ደክሞኛል።»

«ጨርሻለሁ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ሲንቄ። «የካቲት መጣ። ከነገ ወዲያ ውኃ ትጀምር ወይስ ትጠማ? ማን ሊነግረኝ ነው? ኦቦ ጥሩሰው?»

ኦቦ መርጋ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ሲንቄ ያዟቸውና አነሷቸው።

«ዛሬ ተዪኝ» አሉ። «ነገ እነግርሻለሁ።»